አሜሪካ ሄደሽ ድሪቶ ትሰፊያለሽ?

ባለፈው ጥር ለእማዬ በቪዲዮ ደወልኩላት። ለጓደኛዬ ልጅ ክርስትና የሰፋሁትን ኩዊልት፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም የብርድ ልብስ፣ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ስምንት በስምንት፣ በጠቅላላው 64 ቁራጭ ጨርቅ። ቢጫ አለው፣ ሰማያዊ አለው፣ አበባና ነጠብጣብ አለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ እየተቀመጥኩ የጨረስኩት ነው። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ወደ ስልኩ ተጠጋች። ትንሽ ዝም አለች።

«ልጄ፣ አሜሪካ ሄደሽ ድሪቶ ትሰፊያለሽ?» አለችኝ።

ልታስቀይመኝ ብላ አይደለም። ድምፅዋ ውስጥ ሐዘን ነበረ። «የብርድ ልብስ መግዣ ቸግሮሽ ነው? ንገሪኝ እንጂ፣ ምን ትደብቂኛለሽ» ስትል ነው የገባኝ። የለም እማዬ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ስልኩን ከዘጋን በኋላም ያ ቃል አብሮኝ ዋለ።

ድሪቶ ለማያውቅ ወጣት ልንገረው። ያለቀ ልብስ ተቆራርጦ፣ እራፊ በእራፊ ላይ ተጥፎ የሚሰፋ መደረቢያ ነው። የደሃ ቤት ዕቃ ነው። ለስድብም ያገለግላል። አያቴ ቤት፣ ደብረ ብርሃን፣ አንድ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፣ ሌሊት ጋቢ ብቻውን አይበቃም። አያቴ ያለቀ ካኪ ሱሪ፣ የተቀደደ ዩኒፎርም፣ የአንሶላ ጠርዝ፣ ያገኘችውን ሁሉ ደራርባ ሰፍታዋለች። ጀርባው የስንዴ ከረጢት ነው። በእግር በኩል አንዲት ቀይ ቁራጭ ነበረች። የእማዬ የልጅነት ቀሚስ ናት ይባላል። ስተኛ እግሬን እዚያች ላይ ነበር የማሳርፈው። ስፌቱ ሰፋፊ ነው፣ በወፍራም ነጭ ክር። መስመሩ ግን አንድም ቦታ አይዛነፍም።

እንግዳ ሲመጣ ድሪቶው ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል። በምትኩ ነጭ ጋቢ ይነጠፋል። አያቴ ካረፈች በኋላ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ጠይቄ ነበር። «ተጥሎ ይሆናላ፣ ምን ይደረጋል ብለሽ» አሉኝ።

አሁን እዚህ ስሰፋ የማየው ነገር፣ አያቴ ሁሉንም ታውቀው እንደነበር ነው። ኩዊልት ሦስት ድርብ ነው። ላዩ ከቁርጥራጭ ይገጣጠማል፣ መሀሉ ስስ የጥጥ ንጣፍ ነው፣ ታቹ ገበር ነው። ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚይዘው ከላይ እስከ ታች የሚወጋው ስፌት ነው። በመጨረሻ ጠርዙ ዙሪያውን በጨርቅ ይታሰራል። የአያቴም እንደዚያው ነበር። ልዩነቱ መሣሪያው ነው። እዚህ ፒዛ እንደሚቆረጥበት ዓይነት ክብ ምላጭ ያለው መቁረጫ አለ። የጃፓኑ ኦልፋ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ካወጣው ወዲህ ነው ይህ ሥራ የፈጠነው። ከመቁረጫው ጋር ማስመሪያ አለ፣ ካውያ አለ፣ የስፌት መኪና አለ። አያቴ መርፌና ዓይኗ ብቻ ነበሯት።

በዚህ ሥራ ስፌቱ የሚገባው ከጨርቁ ጫፍ ሩብ ኢንች ላይ ነው። ሩብ ኢንች ማለት እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው። ግን በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ለዓይን የማይታይ ያህል ከወፈረ፣ ስምንት ቁራጭ ሲደረደር ማዕዘኑ ከማዕዘን አይገጥምም። የመጀመሪያዬን ሦስት ጊዜ ፈትቻለሁ። ስፈታ አያቴን አስባታለሁ። ያ ሁሉ መስመር ያለ ማስመሪያ እንዴት ቀና?

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራው ከወገብ ይጀምርና ልብ ድረስ ይደርሳል። ቤት ስገባ ቴሌቪዥን ማየት እንኳ የማልችልበት ጊዜ ነበር። ስፌቱን ያስጀመረችኝ ጎረቤቴ ናት፣ ሰማንያ ያለፋት ጥቁር አሜሪካዊት። አንድ ቀን ዕቃ አግዣት ቤቷ ገባሁ። ሳሎኗ ውስጥ ሶፋው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ድሪቶ ተሰቅሏል። በእውነት ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ቃል እሱ ነበር። የእማዬ ቃል። እኔም በልቤ ብዬው ነበር።

በወር አንድ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወደሚሰበሰቡ ሴቶች ወሰደችኝ። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ናቸው። እያንዳንዷ ወሩን የሠራችውን ይዛ ትመጣለች። ተራዋ ሲደርስ ትነሳለች፣ ሁለት ሴቶች ጫፍና ጫፉን ይዘው ይዘረጉላታል። ለማን እንደሆነ ትናገራለች። ሌሎቹ ያደንቃሉ፣ ቀረብ ብለው በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ጀርባውን ገልብጠው ያያሉ። «ስንት ይሸጣል?» ብላ የጠየቀች አላየሁም። እኛ ዘንድ አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው አንድ ነገር ሲሠራ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። ወይ «ይጠቅማል?» ነው። ችግር ያስለመደን ጥያቄ ስለሆነ አልፈርድበትም። ግን ብዙ እጅ አስሮ አስቀምጧል።

አንድ ነገር መጀመሪያ ላይ በጣም ከብዶኝ ነበር። እዚህ ሰው አዲስ ጨርቅ ገዝቶ ይቆራርጣል። ለስፌቱ የሚሆነው ጥጥ ያርዱ 12 እና 14 ዶላር ነው። የአልጋ ልክ ለመሥራት ጨርቁ፣ ጥጡና ገበሩ ሲደመር 200 ዶላር በቀላሉ ያልፋል። ደህና ጨርቅ ላይ ምላጭ ማሳረፍ ለእኛ ሰው ቀላል አይደለም። እስካሁንም አልለመድኩትም። ስለዚህ የምሠራው ከአሮጌ ልብስ ነው። ከጓደኞቼ ቤት ያለቀ ሸሚዝ እሰበስባለሁ። ባለፈው የሰፋሁት የሶፋ ልብስ ሦስት የጂንስ ሱሪ ነው።

ጎረቤቴ ይህን ስታይ ስለ ጂስ ቤንድ አወራችኝ። አላባማ ውስጥ፣ ወንዝ በሦስት በኩል ጥምዝ ብሎ የከበበው የጥቁሮች መንደር ነው። ነዋሪዎቹ የባሮች ዘሮች ናቸው፣ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የባለ እርሻውን ስም፣ ፔትዌይን፣ ይዘው ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ለመምረጥ እንመዝገብ ብለው ሲነሱ ወንዙን የሚያሻግራቸው ጀልባ ተቋረጠባቸው። የተመለሰላቸው በ2006 ነው። እነዚህ ሴቶች ብርድ ስለፈጃቸው ከሥራ ልብስ፣ ከቱታ፣ ከከረጢት እየቀደዱ ሲሰፉ ኖሩ። በ2002 ሥራቸው ሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰቀለ፣ ከዚያም ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አደረገው።

ፎቶግራፎቹን ሳይ እንባዬ መጣ። ቱታው ጉልበቱ ላይ የነጣበት ቦታ ይታያል። ኪሱ የተነሳበት ቦታ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ይሄ እኮ ድሪቶ ነው። ቁርጥ የአያቴ ድሪቶ። አንደኛው ሙዚየም ገባ፣ ሌላው አልጋ ሥር ተደብቆ ኖሮ ተጣለ።

ሌላም ሴት አለች። ሃሪየት ፓወርስ ትባላለች፣ እ.ኤ.አ. በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች። የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጨርቅ ቆርጣ በ11 ክፍል ሰፋችው። አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ የያዕቆብ መሰላል፣ ስቅለቱ። የቤተ ክርስቲያናችንን የግድግዳ ሥዕል እያየ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሲቸግራት በ5 ዶላር ሸጠችው። ዛሬ የስሚዝሶንያን ሙዚየም ሀብት ነው። ልብ ያልኩት አንድ ነገር ነው። የእያንዳንዱ ሥዕል ትርጉም ለእኛ የተረፈው፣ የገዛችው ሴት ከራሷ ከፓወርስ አፍ ሰምታ ስለጻፈችው ነው።

የቅዳሜዎቹ ሴቶች ኩዊልቱ ሲያልቅ ከጀርባው ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ይሰፋሉ። የሠሪዋ ስም፣ የተሠራለት ሰው ስም፣ ከተማው፣ ዓመቱ ይጻፍበታል። መጀመሪያ ሲያስተምሩኝ አፍሬ ነበር። ምን ሠራሁና ነው ስሜን የምጽፈው? እኛ እንዲህ አላደግንም። እማዬ ከስንደዶና ከአክርማ የሰፋችው መሶብ እስከ ዛሬ አለ። አለላው ወይን ጠጅና አረንጓዴ ነው። ወስፌው ጣቷ ላይ የተወው ጠባሳም አለ። ስሟ ግን የትም የለም። እህቴ ልጆች ወልዳ እነሱም ከወለዱ በኋላ ያ መሶብ የማን እጅ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ከሁለት ዓመት በፊት ሀገር ቤት ገብቼ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ገዛሁ። ሻጩን ማን እንደሸመነው ጠየቅኩት። የሸማኔውን ስም ወዲያው ነገረኝ። ማጉን ማን ፈተለው አልኩት። «ሴቶች ናቸው የሚፈትሉት» አለኝ። በቃ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ሸማኔ እጅ እስኪገባ ስንት ምሽት ይፈጃል? ያ ሁሉ ምሽት «ሴቶች» በሚል ቃል ታለፈ። አልከፋም፣ እሱም የነገሩትን ነው የነገረኝ። ግን ጋቢውን በለበስኩ ቁጥር ይታወሰኛል።

የዚህ ሀገር ነገር ሁሉ ደህና ነው እያልኩ አይደለም። የጎረቤቴ የስፌት መኪና ያለው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ትቀመጣለች። ልጆቿ ሩቅ ናቸው። አንዳንድ ቀን ክር አለቀብኝ ብላ የምትደውልልኝ፣ ክር ሳይሆን ሰው ፈልጋ እንደሆነ አውቃለሁ። እማዬ ብቻዋን ፈትላ አታውቅም። ቡና ይፈላል፣ እነ እትዬ ይመጣሉ፣ እንዝርት ይሽከረከራል፣ ወሬ ይወራል። አንዷ ዳንቴሏን ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ ሰፌዷን። የማንም እጅ ሥራ አይፈታም፣ የማንም አፍ ዝም አይልም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ሲበዛ እንጂ ሲያንስ አላየሁም። እዚህ ያንን በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ክፍል አስይዘው ነው የሚያገኙት። ስለዚህ ጎረቤቴን እሑድ እሑድ ቤቴ እጠራታለሁ። ቡና አፈላለሁ። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥታ ነው የምትሄደው።

አሁን የያዝኩት ሥራ የአባዬ ነው።

አባዬ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። መምህር ነበር። ወንድሜ ስድስት ሸሚዞቹን በሰው እጅ ላከልኝ። አንዱ ነጭ ሸሚዝ ደረት ኪሱ ላይ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ቀለም ፈስሶበታል። ሳሙና አላስለቀቀውም። ያንን ኪስ እንዳለ አንስቼ መሀል ላይ ልሰፋው ነው ያሰብኩት። መቀሱን ይዤ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ለእማዬ ሳልነግራት መቁረጥ አልቻልኩም።

ነገርኳት። ተቆጣች። «የሟች ልብስ ለደሃ ይሰጣል እንጂ ይቆረጣል?» አለች። እውነቷን ነው፣ በእኛ ወግ እንደዚያ ነው። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ከጂስ ቤንድ ሴቶች ስለ አንዷ፣ ስለ ሚዙሪ ፔትዌይ ነገርኳት። ባሏ ሲሞትባት እ.ኤ.አ. በ1942 የሥራ ልብሱን ቀዳ ኩዊልት ሰፋችው። ልታስበውና ሥሩ ልትተኛ ብላ ነው።

እማዬ ብዙ ቆየች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «የእሷ ባል ገበሬ አልነበረም?» ብላ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ነበር፣ አባዬ ደብተር እንጂ ሞፈር አልያዘም። እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው። «ቱታው አልታጠበም ነበር?» አለችኝ። ፎቶው ላይ የነጣው ቦታ እንደሚታይ ነገርኳት። «እንግዲያው ኪሱን አታንሺው፣ ቀለሙ እንዳለ ይቆይ» አለች።

ባለፈው እሑድ የመጀመሪያዎቹን አራት ረድፎች አሳየኋት። ስልኩን ቀስ እያልኩ ከግራ ወደ ቀኝ ወሰድኩላት። ጎረቤቴም አጠገቤ ነበረች፣ እጇን አውለበለበችላት። እማዬ «ጠጋ አድርጊው» አለች። ጠጋ አደረግኩት።

«ከላይ ሦስተኛዋ፣ ባለ መስመሯ። ክሩ ላልቷል። ፍቺና ድገሚው።»

አየሁት። እውነትም ላልቷል። ጎረቤቴ የክር መፍቻዋን ከቦርሳዋ አውጥታ አቀበለችኝ።