ኢንተርኔቱማ ይሠራል!

ሁለት ቀን። ሙሉ ሁለት ቀን ሂሳብ ክፍል ባለች አንዲት ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። የሠራተኛዋ ፓስወርድ ጊዜው አልፎ ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩ ላይ ቀየርኩላት። አዲሱን ስትጽፍ እምቢ፤ አሮጌውን ስትጽፍ እሺ። «አስማት ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔም ልጠይቃት የነበረው እሱኑ ነው።

ገባሁ። የጋራ ፎልደሩ የለም። ፕሪንተሩ የለም። ግሩፕ ፖሊሲው፣ ማለትም ከሰርቨሩ ለቢሮው ኮምፒውተሮች የሚወርደው ደንብ፣ በየ90 ደቂቃው ገደማ በራሱ መታደስ ነበረበት፤ የለም። በግድ ላድሰው ብል አስቦ አስቦ ኤረር ተፋብኝ። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ደህናውን ፖሊሲ ስፈታ ስገጥም አመሸሁ። ምሳ እንኳ አልበላሁም።

በመጨረሻ የኔትወርክ ሴቲንጉን ከፈትኩ። ዲኤንኤስ፣ ያ ስም ሲሰጡት የአድራሻ ቁጥር የሚነግረው ማውጫ፦ 8.8.8.8። የጉግል!

አንድ ደግ ሰው «ኢንተርኔት ይፈጥናል» ብሎ ቀይሮታል። ወንድሜ፣ ጉግል የኛን ቢሮ ሰርቨር በምን ያውቀዋል? ኮምፒውተሩ ፓስወርድ የሚያረጋግጠውን ሰርቨር፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩን፣ የሚያገኘው የውስጡን ዲኤንኤስ ጠይቆ ነው። ሲያጣው፣ ዊንዶውስ ቀድሞ ባስታወሰው አሮጌ ፓስወርድ ያስገባል። ለዚህ ነው ዩቲዩብ እየበረረ የደመወዝ ሰነዱ የጠፋው።

ማን ነካው? ማንም። በዚህ ቢሮ ማንም ምንም አይነካም፤ ሁሉም ነገር በራሱ ይቀየራል።

አስተካክዬ ስወጣ አለቃዬ በር ላይ ያዘኝ። «ቆይ፣ ሁለት ቀን የፈጀብህ አራት ቁጥር ለመቀየር ነው?»