«በሞዴል 70 ያላመጣ ደብዳቤ አይጻፍለትም» የሚለው ማስታወቂያ ይነሣ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ በስልኩ ያነሣውን ማስታወቂያ አሳየኝ። እዚሁ ጎንደር የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሰሌዳው ላይ የለጠፈው ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልግ ሠራተኛ፣ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ከመቀመጡ በፊት በአንድ የግል ማጠናከሪያ ማዕከል የሞዴል ፈተና ወስዶ 70 እና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት ይላል። ሠራተኞቹ ቅሬታ ሲያሰሙ ከኃላፊዎቹ አንዱ «ዐምና በሞዴሉ ከ70 በላይ ያመጡት በሙሉ ዋናውን አልፈዋል፤ ሞዴሉን ያላለፈ ዋናውን አያልፍም» የሚል መልስ ሰጥተዋል። ይህንን መልስ ሰምቶ ዝም ማለት የሰው ዕድል ሲዘጋ ቆሞ እንደ ማየት ስለሆነብኝ ነው ይህንን የምጽፈው።

ከ70 በላይ ያመጡት በሙሉ አልፈዋል የሚለውን እውነት ነው ብዬ ልቀበል። ከ70 በታች ያመጡትስ? ከእነርሱ ስንቶቹ አለፉ? ኃላፊው ስለዚህ አንዲት ቃል አልተናገሩም። በሞዴሉ 55 አምጥቶ ዋናውን ያለፈ አንድ ሰው ብቻ ከተገኘ «ያላለፈ አያልፍም» የሚለው አነጋገር እዚያው ይወድቃል፤ እኔ ራሴ የማውቃቸው ደግሞ ከአንድ በላይ ናቸው። ከዚህም የሚብሰው ደንቡ ራሱ ማስረጃውን የሚያጠፋ መሆኑ ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ ከ70 በታች ያመጣ ሰው ለዋናው ፈተና ካልተቀመጠ ሊያልፍ ይችል እንደ ነበር የሚያሳይ ሰው አይገኝም፤ ለከርሞም ኃላፊው «ያልኋችሁ አልቀረም» ይላሉ። ሰውን በር ላይ አስቀርቶ አልገባም ብሎ መመስከር ማለት ይህ ነው።

የእኅቴ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። ለመግቢያ ፈተናው ስትዘጋጅ ማታ ማታ ልጇን ካስተኛች በኋላ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ሳይቀር፣ ሰዓት ይዛ አራት የሞዴል ፈተናዎች ሠርታለች። ውጤቶቹን የጻፈችበት የደብተሯ የመጨረሻ ገጽ አሁንም ዐይኔ ላይ አለ፦ 58፣ 71፣ 63፣ 66። 71ን በቀይ እስክርቢቶ ከብባዋለች። ለእናቷም፣ ለባሏም፣ ለሥራ ባልደረቦቿም የተናገረችው ያንኑ 71 ነው፤ እኔም ቤት መጥታ «አጎቴ፣ 71 ደረስሁ» ስትለኝ መርቄያታለሁ። ዋናውን ስትፈተን 64 አመጣች። አልፋለች፤ ነገር ግን በቤተሰቡ ዘንድ ወሬው «ምን ነካት? ደነገጠች እንዴ?» የሚል ሆነ፤ እርሷም ያለፈችበትን ፈተና እንደ ወደቀችበት ቆጥራ ሰነበተች።

አራቱን ውጤቶች ደምሮ ለአራት ለማካፈል ግን ማንም አልተነሣም። አማካዩ 64.5 ነው። ልጅቱ በፈተናው ቀን ያመጣችው ከራሷ አማካይ በግማሽ ነጥብ ብቻ ዝቅ ያለውን ነው፤ አልደነገጠችም፣ አልሰነፈችም። ጠፋ የተባለው ሰባት ነጥብ ቀድሞም የእርሷ አልነበረም። ከአራት ቀን አንዱን ቀን ጥያቄው ቀንቷት፣ የምታውቀው ምንባብ ገጥሟት፣ በግምት ያጠቆረችው መልስ ተሳክቶላት ከፍ አለች፤ ከአራቱ ትልቁን መርጦ «ይህ ነው ልኬ» የሚል ሰው ሁሉ በዋናው ፈተና ቀን የወረደ ይመስለዋል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ያመጣው ውጤት ከእውነተኛ ችሎታው ከፍም ዝቅም የሚል ነው፤ ማንም ፈተና ከዚህ ስሕተት አያመልጥም። ይህንን ወደ ማስታወቂያው እንመልሰው። የእኅቴ ልጅ የዚያ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ፣ ሞዴሉን በአንደኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ብትወስድ ደብዳቤ ትከለከል ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ብትወስድ ብቻ ይጻፍላት ነበር። አንዲት ሴት፣ አንድ ዕውቀት፣ አንድ ዝግጅት፤ ከአራት ቀን ሦስቱን «አትችይም» የምትባል ሰው ዋናውን አልፋ ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ትማራለች። ይህንን ያህል በዕድል የሚገለባበጥ ቁጥር የሰው ልጅ የትምህርት በር ቁልፍ ሊሆን አይገባውም።

እስካሁን የተናገርሁት ሞዴሉ በታማኝነት የተሠራ ነው ብዬ ነው። ብዙው ሞዴል ግን እንደዚያ አይደለም። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት በቴሌግራም ይዘዋወራሉ፤ ማዕከሉ «አዲስ» ብሎ የሚያድለው ወረቀት ተፈታኙ ከወር በፊት ያየው ይሆናል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ያየውን ጥያቄ መመለስ ደግሞ የማስታወስ እንጂ የማሰብ ፈተና አይደለም። ሞዴሉ በወረቀት ይሠራል፤ ዋናው በኮምፒውተር ነው። ሞዴሉ ላይ «አምስት ደቂቃ ጨምሩልን» ይባላል፤ ዋናው ላይ ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ እየቆጠረ ይወርዳል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦባት በኖረች ከተማ፣ ማውዝ ጨብጦ ምንባብን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሱ ማንበብን የተለማመደው ስንት ነው? በቅዳሜ ገበያ ጤፍ የሚሸምት ሰው እንኳ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ቁናውን ያያል።

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ለማመልከት የሚወሰደውን ጂአርኢ (GRE) የሚፈተኑ ወጣቶቻችን ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በከተማችን ፎቶ ኮፒ ቤቶች እየተባዙ የሚሸጡ ጥራዞች አሉ፤ ከእነርሱ በአንዱ ላይ የተቃራኒ ቃልና የአናሎጂ ጥያቄ፣ ከ200 እስከ 800 የሚደርስ የውጤት ሠንጠረዥም አይቻለሁ። እነዚህ የጥያቄ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ከፈተናው ወጥተዋል፤ ውጤቱም ከዚያ ወዲህ ለቃላቱም ለሒሳቡም ከ130 እስከ 170 ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ደግሞ ፈተናው ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅ የነበረው ወደ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ አጠረ፤ የሒሳቡ የመጀመሪያ ክፍል 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ ሆነ። የሁለተኛው ክፍል ክብደት የሚወሰነው በመጀመሪያው በተሠራው መጠን በመሆኑ እኩል ጥያቄ የመለሱ ሁለት ሰዎች እኩል ውጤት ላያመጡ ይችላሉ። በአሮጌው ጥራዝ ከ100 ስንት እንደ መለሰ ቆጥሮ ወደ አዲስ አበባ የወረደ ልጅ አሁን ለሌለ ፈተና ተዘጋጅቶ ነው የሄደው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢ.ቲ.ኤስ. ግን ፓወርፕሬፕ በሚባለው ፕሮግራም ሁለት ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎችን በዋናው ፈተና ገጽታና ሰዓት በነፃ ይሰጣል፤ ከእውነተኛው ውጤት ጋር ይነጻጸር ከተባለ የሚነጻጸረው እንዲህ ያለው ነው። ደግሞም ይኸው ድርጅት የእውነተኛውን የጂአርኢ ውጤት እንኳ ብቻውን መቁረጫ አድርጎ አመልካችን መከልከል እንደማይገባ ለዩኒቨርሲቲዎች በመመሪያው ይናገራል። የዋናው ፈተና ባለቤት ለዋናው ውጤት ያልፈቀደውን ሥልጣን፣ የጎንደር መሥሪያ ቤት ለአንድ የግል ማዕከል ሞዴል በምን ሒሳብ ሰጠው?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የተገለጸ ጊዜ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ በየስብሰባው ይነገር የነበረው «በትምህርት ቤት ካርድ ላይ የተጻፈው 85 እና 90 የማይታመን ነው» የሚል ነበር። መምህሩ ዓመቱን ሙሉ አስተምሮ፣ ደብተር አርሞ የሰጠው ውጤት አይታመንም የተባለበት አገር ውስጥ፣ ክፍያ የሚቀበል ማዕከል በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰጠው ውጤት እንዴት ታመነ? ማዕከሉ ውጤት ከፍ ቢያደርግ ለማስታወቂያው ይጠቅመዋል፤ ዝቅ ቢያደርግ ተፈታኙ ለተጨማሪ ኮርስ እንደገና ይከፍላል። በሁለቱም በኩል የሚጠቀም አካል ዳኛ አይሆንም።

ሞዴል ፈተና አይጠቅምም አላልሁም፤ የትኛው ምዕራፍ እንደሚቀር፣ ሰዓት የት እንደሚባክን ያሳያል። የማልቀበለው የተሳሳተውን ጥያቄ መመርመር ትቶ በጠቅላላ ድምሩ ሰውን መፍረድ ነው። ውጤቱ በዋናው ቀን ዝቅ ሲል «ሞዴሉን ኮርጆ ነው» ወይም «ፈሪ ነው» የሚለው የተለመደ ፍርድም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ቁጥሩን ሳይመረምሩ የሰውን ጠባይ ይመረምራሉ።

የአገራችንን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጀው አካል ያገለገሉ ሙሉ ፈተናዎችን ከነሰዓታቸውና ከነአቆጣጠራቸው ይልቀቅ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም የኮምፒውተር ክፍሎቻቸውን ከፈተናው በፊት ለጥቂት ቅዳሜዎች ለተመዝጋቢዎች ሁሉ በነፃ ይክፈቱ። ያ እስኪሆን ድረስ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ያንሣ። ፎቶውን ያሳየኝ ወዳጄ በሞዴሉ ያመጣው 66 ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ነው፤ ምዝገባው ሳይዘጋ ደብዳቤው ይጻፍለት።