«የተመጣጠነ ምግብ ተመገቢ» አሉኝ፤ ከምን ጋር የተመጣጠነ?

ኧረ ዛሬስ ልናገረው። ካልተናገርኩት ያንቀኛል።

የጀመረኝ ከወራት በፊት ነው። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ቁጭ ብዬ ዓይኔ ይከደናል። ፀጉሬ እየረገፈ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። እናቴ «ዓይን ነው» አለች። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «የቫይታሚን እጥረት ነው» አለችኝ። ለእሷ ሁሉም ነገር የቫይታሚን እጥረት ነው። ቫይታሚን ትሸጣለቻ!

ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ሁለት ሰዓት ተኩል ወረፋ፣ ሦስት ደቂቃ ሐኪም። ደም ሰጠሁ፣ ውጤቱ መጣ። ብረት አንሶሻል፣ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው ተባልኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ። እኔን አላየኝም። ክኒን ጻፈና «የተመጣጠነ ምግብ ተመገቢ» አለኝ። «ምን ልብላ ዶክተር?» ስለው «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ» ብሎ እንደ ስም ጥሪ ደረደረልኝ። ቀጣይ ታካሚ!

ይቺን «የተመጣጠነ ምግብ» የምትባል ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ነው ያደግኩት። ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ። ሸምድጄ ፈተና አልፌባታለሁ። ግን ከምን ጋር ነው የሚመጣጠነው? ከደሞዜ ጋር? ደግሞ ያኔ ሁዳዴ ነበር። ትጾሚያለሽ ወይ እንኳን አላለኝም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሕዝብ ባለበት አገር ለጿሚ «ሥጋና ወተት» ብሎ መሸኘት ምን የሚሉት ምክር ነው? ቫይታሚን ቢ12 እንደሆነ በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለእኛ ዋና ጥያቄ ነበር። በቃ፣ አልተጠየቅኩም።

የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ አንድ ፖስተር አለ። እንጆሪ፣ ወይን፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ የተጠበሰ ዳቦ። አገራችን በ2014 ዓ.ም. የራሷን የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች እኮ! ፖስተሩ ላይ ግን እንጀራ የሚባል ነገር የለም። እዚያ የተሰለፍነው ሁላችንም እንጀራ በልተን ነው የመጣነው።

ቤት ገባሁና ቲክቶክ ከፈትኩ። ባልከፍት ይሻለኝ ነበር። «ጠዋት ሳልመን በአቮካዶ።» ሳልመን! እኔ የማውቀው ዓሣ የዝዋይና የአርባ ምንጭ ነው፤ እሱንም በስንት ጊዜ አንዴ። «ብሉቤሪ ብሉ።» ብሉቤሪን በዓይኔ ያየሁት ሻምፑ ጠርሙስ ላይ ነው። «ኪኖዋ ብሉ።» ፈረንጁ የእኛን ጤፍ «ሱፐር ፉድ» እያለ በትንንሽ ፓኬት ሲሸጥ፣ እኛ ኪኖዋ የሚሉትን የባሕር ማዶ እህል ፍለጋ እንድንወጣ ነው።

ያበሸቀኝ ግን ፍላክስ ሲድ ነው። ልጅቷ በቪዲዮው «ኦሜጋ 3 የሚባለውን ጤናማ ስብ የያዘ ተአምረኛ ዘር» እያለች ታወድሳለች። እኔም ሱፐርማርኬት ሄጄ፣ የዋጋ መለጠፊያውን ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ ገዛሁ። እናቴ ፓኬቱን ከፍታ ጣቷን ከተተችና አየችኝ። «ይሄ ተልባ አይደለም እንዴ?» ተልባ ነው። በየጾሙ እየበጠበጠች የምታጠጣን ተልባ። ጓዳ ውስጥ ግማሽ ጆንያ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ ይላል። መልካም። እኛ ቤት አምስት ነን። በቀን 2 ኪሎ፣ በወር 60 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ጤፍ እንኳን እኛ ቤት አይገባም።

አክስቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ያመጣችው የቫይታሚን ጠርሙስ ደግሞ አለ። ሲሊንደር ያክላል። ከረሜላ ስለሚመስል ልጆቹ እየሰረቁ ይበሉታል፣ ትልልቆቹም «ቫይታሚን ምን ያደርጋል?» እያሉ ያፍሳሉ። ያደርጋል እንጂ! ኤ እና ዲ ሲበዙ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። ብረት ያለበት ከሆነ ደግሞ ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው። ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት። አክስቴ አኩርፋኛለች።

የቫይታሚን ዲው ነገርስ? «የ13 ወር ፀጋ» ብለን ፀሐያችንን ለዓለም ያስተዋወቅን ሰዎች ነን። ሕፃን ሲወለድ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እናሞቃለን። ካደግን በኋላ ግን በጥላ ነው የምንሄደው። እኔ በበኩሌ ቢሮ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ ፀሐዩ ፊቴን እያቃጠለኝ፣ «ዲዬን እየሞላሁ ነው» ስል ነበር። ለካ ሰውነት ዲ የሚሠራበትን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል! ሁለት ዓመት ሙሉ በከንቱ ጠቆርኩ።

ከወር በኋላ ለድጋሚ ምርመራ ተመለስኩ። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ ክኒኑን ደገመው። ደም የቀዳችልኝ ነርስ ግን ስሪንጁን እያዘጋጀች፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «ትናንት ማታ ምን በላሽ?» አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት።

«ሽሮ።»

«ከዚያስ?»

«ሻይ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው ነዋ።»

«ክኒኑንስ በምንድን ነው የምትውጪው?»

ዝም አልኩ። በሻይ ነበር።

ሳቋ አመለጣት። ሻይና ቡና ብረቱን ይይዙታል፣ ሰውነትሽ በደንብ አያገኘውም አለችኝ። የክኒኑንም፣ የሽሮውንም፣ የጤፉንም። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆይው። ክኒኑን በውሃ ዋጪ። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ቃሪያውን ጥሬውን ብዪው፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ይረዳዋል። ጥሬ ቃሪያ እኮ ግራም በግራም ከብርቱካን ይበልጣል! ጎመኑንም ቀቅለሽ ቀቅለሽ ውሃውን አትድፊው አለችኝ። እኛ ቤት ጎመን የሚወርደው እጁን ሲሰጥ ነው።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ደሜን እስክትቀዳ ድረስ ነው። ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ትዕግሥት። አንድ ወር ሙሉ ክኒን ገዝቼ በሻይ ሳጥብ፣ ካርድ ያወጣሁበት ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቅ አቃተው!

እሁድ ምሳ በላን። እናቴ እንደ ልማዷ ገና እጃችንን ሳንታጠብ ረከቦቱን አቀረበች። «እማዬ፣ ቡናው አንድ ሰዓት ይቆይ» አልኳት።

ጀበናውን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ። «አንድ ሰዓት? ቡና ነው ወይስ የቤንዚን ወረፋ?»

አቦሉን ቀዳችው።