ለማን ነው የረከሰው?

«የአሜሪካ እስር ቤት ስልክ ረከሰ» እያላችሁ የምታዞሩ ሰዎች፣ አቦ ተዉን! አዎ፣ ማርታ ራይት የሚባሉ አያት የልጅ ልጃቸውን ለማናገር የሚከፍሉት አንገብግቧቸው በ2000 ከሰሱ፤ በስማቸው ሕግ የወጣው በ2023 ነው፣ በፈረንጅ። 23 ዓመት! የደቂቃው ዋጋ ጣሪያ ተበጀለት፣ እሰየው። ወደ ውጭ ሲደወል ግን የመዳረሻው አገር ኔትወርክ የሚያስከፍለው ከላይ ይደመራል። 251 ላይ ያ ምን ያህል እንደሚያብጥ ከፋዩን ጠይቁ።

ደግሞ ብሩ ብቻ መሰላችሁ? ብዙ ቦታ ቁጥሩ መጀመሪያ በእስረኛው ዝርዝር ውስጥ ጸድቆ መግባት አለበት። 011 (የአዲስ አበባው ሳይሆን ከአሜሪካ ወደ ውጭ መደወያው) 251 ብሎ በ9 ይቀጥላል፤ 09 ብሎ ካስመዘገበ በቃ፣ ያቺ ዜሮ ጥሪውን ትበላዋለች። የእስረኛውን የስልክ ሂሳብ ልሙላ ብሎ ከድሬ የደወለ ሰው፣ ዚፕ ኮድ የሚሉትን የአሜሪካ ፖስታ ቁጥር ሲጠየቅ የሚገጥመውማ፦

«የካርድዎ ዚፕ ኮድ?»
«የለኝም፤ ድሬዳዋ ነው ያለሁት።»
«ያለ ዚፕ ኮድ መቀጠል አንችልም።»
«እሺ፣ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ...»
«ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

ምኑን ረዳሽና ነው «ሌላ» የምትዪው!

ቨርጂኒያ በክረምታቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚህ ሌሊት 10 ነው። እናት ባንነው ሲያነሱ የምታወራው በእንግሊዝኛ የተቀዳች ሴትዮ ናት፤ ለመቀበል ይህን ቁጥር ይጫኑ ትላለች። «ማነሽ ልጄ? እሱስ?» እያሉ ሲሟገቷት ጥሪው ይዘጋል። የሚጫነው ቁጥር ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አጣርታችሁ ቁልፏ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉላቸው።

«እዚያ ያለ ዘመድ ሁለት ስልክ ያገናኝ» የምትሉም አላችሁ። ሲስተሙ ከጠረጠረ ይቆርጠዋል፣ ቅጣቱም እስረኛው ላይ ነው፤ ስልክ ይከለክሉታል።

ቢሳካስ? ብዙ ጊዜ 15 ደቂቃ። ግማሹ «ደህና ነህ? ሰውነትህስ? አልሃምዱሊላህ» ነው፤ የቀረውን ኔትወርክ ይወስደዋል። (መብራቱን ተዉት፤ ስልኩ ቻርጅ ካለው ነው ይሄ ሁሉ።)

መርዶ ሲመጣስ? እኛ ጋ መርዶ ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ተሂዶ ነው የሚነገረው። እሱ ጋ ማን ይሂድለት? ማሽኗ «አንድ ደቂቃ ቀርቷል» እያለች ይነገረው? ስለዚህ የሞቱት አባት ዓመቱን ሙሉ «መስጊድ ሄደዋል» ይባላሉ። ልጁም ሞኝ አይደለም።

ዚፕ ኮድ ያላችሁ ዘመዶች፣ ሂሳቡን በስማችሁ ክፈቱ፣ ቁጥሩን ያለ ዜሮ አስመዝግቡ። ግሩፑ ላይ የበረዶ ፎቶ መላኩ ይቆየን።