ሜተድ ነው፣ አትረብሹት

የሰካራም ሚና የተሰጠው ጎረምሳ ሰኞ ጽሑፉን ይቀበላል፣ ማክሰኞ መጠጣት ይጀምራል። ረቡዕ እናቱ «ምን ነካህ ልጄ?» ስትለው «ሜተድ ነው እማዬ፣ አትረብሺኝ» ይላታል፤ የትወና ስልት ማለቱ ነው። እናት ሜተድ የሚባል አረቄ መምጣቱን አልሰማችም፤ የሰፈሩን ግሮሰሪዎች ልትጠይቅ ነጠላዋን ታነሣለች።

ቅዳሜ መድረክ ላይ ሲወጣ ተመልካቹ የሚያየው ቃሉ የጠፋበት ተዋናይ እንጂ ሰካራም አይደለም። እውነተኛ ሰካራም ዋና ሥራው እንዳልሰከረ መምሰል ነው። ቀጥ ብሎ ለመራመድ ይጠነቀቃል፣ ቁልፉን ከቀዳዳው ለማገናኘት ትንፋሹን ይይዛል፣ «ደህና አመሻችሁ» ለማለት ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። መተወን ያለበት ይህ ጥንቃቄ ነው፤ ይህን ለመተወን ደግሞ ጭንቅላት ንጹሕ መሆን አለበት።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ በጣም ሥርዓት ያለው ሩሲያዊ ነው። ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር የሞስኮ አርት ቴአትርን በ1898 መሠረተ (እዚህ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ያስጨነቀው ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ተዋናይ ዛሬ በወጉ ያለቀሰበት ቦታ ላይ ነገ እንባው ለምን ይደርቃል? ቴአትር ቤቱ በ1923 አሜሪካ ሄዶ ሲያሳይ የኒው ዮርክ ወጣቶች ልባቸው ተሰረቀ። ከነዚህ አንዱ ሊ ስትራስበርግ በ1931 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ግሩፕ ቴአትርን አቋቋመና ከሩሲያዊው ትምህርት የስሜት ትዝታ የሚባለውን፣ ተዋናዩ የራሱን ያለፈ ስሜት ቀስቅሶ የሚተውንበትን ክፍል አጥብቆ ያዘ። ሜተድ የምንለው ይህን አሜሪካ ያደገውን ልጅ ነው። የግሩፑ ተዋናይት ስቴላ አድለር ግን በ1934 ፓሪስ ላይ ስታኒስላቭስኪን ራሱን አግኝታ ለሳምንታት ከተማረች በኋላ «ባለቤቱ እንዲህ አላለም፤ ዋናው ምናብና የገፀ ባህሪው ሁኔታ ነው» የሚል መልእክት ይዛ ተመለሰች። ጠቡ ከዚያ ወዲህ አልበረደም። የሜተድ ምልክት ተደርጎ የሚጠራው አሜሪካዊው ተዋናይ ማርሎን ብራንዶ ደግሞ የአድለር ተማሪ ነው።

ሥራው ራሱ ሲታይ የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ነው። መጀመሪያ ወንበር ይመጣል። ተዋናዩ እንቅልፍ ቢመጣ እንኳ እንዲወስደው ሆኖ ይቀመጥና ግንባሩን፣ የዐይኑን ዙሪያ፣ መንጋጋውን፣ የአንገቱን ሥር በየተራ እየፈተሸ የተቋጠረውን ይፈታል። የተወጠረ ሰውነት ስሜት አያሳልፍም ነው ነገሩ። ጥርሱን ነክሶ «ዘና ብያለሁ» የሚል ሰው በየቢሮው ስላለ ይህ አያከራክርም።

ቀጥሎ ሲኒ አለ፤ የሌለ ሲኒ። በእውነተኛው ይጀመራል። ጆሮ የሌለው የቡና ሲኒ ከሆነማ ልምምዱ ከፈረንጁ ኩባያ ይከብዳል። ሙሉው ሲኒ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከአፉ ጠርዝ ይያዛል። ሙቀቱን ቀድሞ የሚሰማው የትኛው ጣት ነው? ክብደቱ የሚያርፈው የት ነው? እንፋሎቱ አፍንጫ ጋ ሲደርስ ዐይን ምን ያደርጋል? ከንፈር ከመድረሱ በፊት ለምን ይሾላል? ከዚያ ሲኒው ይቀመጥና ያንኑ ሁሉ በባዶ እጅ መፈለግ ነው፤ በየቀኑ ሩብ ሰዓት፣ ለሳምንታት። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ እጁ ሙቀቱን መፈለግ ትቶ መጠጣቱን ለሰው ማሳየት ይጀምራል። ያኔ ሁለቱ ጣቶች ይገናኙና ሲኒው አየር ላይ ይጨፈለቃል። ወይም ተዋናዩ ጨዋታ ሲጀምር እጁን ያወናጭፍና ትኩስ ቡና ጭኑ ላይ ደፍቶ ወሬውን ይቀጥላል። ይህን ልምምድ ቲክቶክ ላይ የለጠፈ ጀግና ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሦስተኛው ስሙ የጠፋው ነው፤ የስሜት ትዝታ። እዚህ «ያን ቀን ምን ያህል አዝኜ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፤ ኀዘን በስሙ ሲጠሩት ይሸሻል። የሚጠየቀው የመጋረጃው ቀለም፣ የወለሉ ቅዝቃዜ፣ ከማድ ቤት ይመጣ የነበረው ሽታ ነው። ስትራስበርግ ትዝታው ቢያንስ 7 ዓመት ያለፈው ይሁን ይል ነበር። ባለፈው ወር የተለየችውን እጮኛ መድረክ ላይ የሚጠራ ሰው ቃለ ተውኔቱን አቋርጦ ሊደውልላት ይችላል።

ይህን ክፍል እንኳ ለቅሶ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ሟቹን በመልክ እንኳ የማትለይ ጎረቤት ከቤተሰቡ በላይ ታለቅሳለች፤ የምታለቅሰው የራሷን ሟች ነው፣ ማንም አይታዘባትም። ይህ የስትራስበርግ መንገድ ነው። አልቃሿ ደግሞ ሟቹ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ጀምሮ ሳይጨርስ እንደሄደ፣ ማንን ለማን ትቶ እንደሄደ በግጥም ትደረድራለች፤ የሰዉ ሆድ የሚባባው በዝርዝሩ ነው። ይህ ወደ አድለር ይጠጋል። ኒው ዮርክ ላይ ያልታረቁት ሁለቱ መንገዶች እዚህ በአንድ ድንኳን ያመሻሉ፤ ንፍሮው ሲዞር ሁለቱም ዐይናቸውን ጠርገው ይዘግናሉ። ከሚና መውጣት ሲሉ ይህን ነው፤ ብዙ ባለሙያ የሚያቅተውም እሱ ነው።

ወሬው ግን ስለ ሲኒ ሳይሆን ስለ ኪሎ ነው። ሮበርት ደ ኒሮ በ1980 ለወጣ ፊልም 27 ኪሎ ያህል ሲጨምር ቀረጻው ለወራት ቆሞ ጠበቀው። ዳንኤል ዴይ ሉዊስ በ1989 በወጣው «ማይ ሌፍት ፉት» አካል ጉዳተኛ ሆኖ ሲተውን ከተሽከርካሪ ወንበሩ አልወርድም ብሎ የቀረጻ ሠራተኞች ከነወንበሩ ተሸክመው መሬት ላይ በተዘረጉት የኤሌክትሪክ ገመዶች ላይ ያሻግሩት፣ በማንኪያም ያጎርሱት ነበር። ኦስካሩን እሱ ወሰደ፤ የተሸከሙት ወገባቸውን ይዘው ቀሩ። እነዚህ ሰዎች ከጀርባቸው ዓመታት የፈጀ ሥራ አለ። ኮራጁ ግን ወንበሩንም ሲኒውንም ዘሎ ጉርሻው ላይ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሚናውን ቤቱ ድረስ ይዞ የሚገባው ሰው ሁልጊዜ ወይ ንጉሥ ነው፣ ወይ በሽተኛ፣ ወይ የከፋው ሊቅ፤ ማለትም ቀድሞ የሚበላ፣ የማይታዘዝና የማይጠየቅ። አዘጋጆች ጥርጣሬ ካላቸው ርካሽ መፈተኛ አለ። እንጀራ የሚጋግር፣ ድስት የሚፈትግ፣ ሌሊት ለሕፃን የሚነሣ አባወራ ሚና ይስጡትና የ3 ሳምንት ልምምድ ይያዙለት። በሁለተኛው ቀን ማታ ሚስቱን አስቀምጦ ስለ ስቴላ አድለር ያስረዳታል፤ ሁሉን መኖር ግዴታ እንዳልሆነ፣ ለአዋቂ ምናብ እንደሚበቃ።