የበሽተኛ ሕግ ለጤነኛ ጭስ

ያገሬ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር የሚላችሁ ካላችሁ ቡናችሁን ጠጡና ተመልሳችሁ አንብቡት።

ባለፈው ፋሲካ ደንበጫ ነበርኩ፣ እናቴ ዘንድ። የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር ጓደኛውን ይዞ መጥቷል። ከጓሮ ጭስ ሸተተኝና ወጣሁ። ሲጋራ መስሎኝ ነበር። ሁለቱ ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብለው ጋንጃ ይቀባበላሉ።

«ጋሼ፣ አይደንግጡ፣ መድኃኒት እኮ ነው» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። አሜሪካ ሐኪም ይፈቅደዋል፣ ካናዳ ሕጋዊ ነው፣ የሚጥል በሽታን ሳይቀር ያድናል። ጓደኛው ደግሞ «ቅጠል እኮ ነው፣ እግዜር የፈጠረው» ብሎ አጀበው።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ የጎረቤት ልጅ፣ 14 ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከነሲኒዋ ወደቀች። አጠገቧ የከሰል ምድጃ አለ። ጎትታ ከእሳቱ ያራቀቻት እናቴ ናት። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ሸሸ። አረፋው ይጋባል ይባላላ! አንዱ ክብሪት ጫረና አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። የእህቴን ልጅ በዓይኔ ፈለግኩት። በሩ ጋ ቆሟል፣ ሊወጣ። ያ የሚጥል በሽታ ሊቅ!

«ጋንጃ መድኃኒት ነው» የምትሉ እናንተም ያው ናችሁ። የምትጠቅሱት የበሽተኛ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ካንሰርና ኤድስ ምግብ ለከለከላቸው፣ ሕመም እንቅልፍ ለነሳቸው ሰዎች ነበር። ያ «የሚጥል በሽታ ያድናል» የምትሉትም ወሬ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከዚሁ ተክል የተጣራ ካናቢዲዮል የሚባል ፈሳሽ አጽድቋል። ለምን? በሕፃንነት ለሚጀምሩ ሁለት ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች። በልጁ ክብደት ተለክቶ በአፍ ይሰጣል፣ ጉበቱን እንዳይጎዳ ደሙ ይመረመራል። አይጨስም። አያሰክርም። ጓሮ ውስጥ የምትፈልጉት ያ የሚያሰክረው ነገር ተጣርቶ ወጥቶለታል።

አሜሪካ ያለው ዘመዳችሁም ሁሉን አይነግራችሁም። ትልቅ መኪና የሚነዳ ከሆነ ጠይቁት። የሚኖርበት ግዛት የሕክምና ወረቀት ቢሰጠውም፣ ሽንቱ ውስጥ ከተገኘ በፌዴራሉ ሕግ ከመሪው ይወርዳል። ታይላንድም እ.ኤ.አ. በ2022 ከተከለከሉት ዝርዝር አወጣችው፣ ሱቁ በየመንገዱ ፈላ፣ በ2025 ደግሞ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም ብላ መለሰችው። እኛ አገር ነገሩ አጭር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 525፣ ማምረቱንም መሸጡንም መጠቀሙንም ያስቀጣል። ፖሊስ ፊት «ካሊፎርኒያ» ብትሉ ማን ይሰማችኋል?

ደግሞስ ይኼን ለጎጃሜ ሰው መንገር ነበረብኝ? የቅኔ አገር ሰዎች አይደለንም? አብሾን የማያውቅ ማን አለ? አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የቆሎ ተማሪ ይጠጣው ነበር። የተከፈተለት እንዳለ ሁሉ አብዶ የቀረም አለ ይባላል። ዛሬም መጠጥ ቀምሶ የሚነሳበትን «አብሾ አለበት» እንላለን። አብሾንም እኮ የፈጠረው እግዜር ነው። አያቴ ኮሶ ስታጠጣ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች። ከሲታ ከሆነ ከኩባያው ትቀንሳለች። ነፍሰ ጡር ከሆነች እንኳን ልታጠጣት፣ ወደ ኮሶው አታስጠጋትም። ማንበብ አትችልም ነበር፣ ልኩን ግን ታውቃለች። እናንተ ማንበብ ችላችሁ ስሙን ብቻ አነበባችሁ።

ቤት አከራዮች፣ እናንተንም አልረሳሁም። ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር ከፊት ጫት፣ ከኋላ ሺሻ፣ ከዚያ ወዲያ ያለችውን ጨለማ ክፍል «እኔ ምን አገባኝ፣ ኪራዬን ይክፈሉ» የምትሉ። ትምህርት ቤት ተዘግቶበት የሚውል ልጅ ከሞላው አገር ለእሱ የተከፈተለት በር የእናንተ ብቻ ሆነ። በጉርምስና ዕድሜው አዘውትሮ ያጨሰ ልጅ ለአእምሮ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። ያን ጊዜ አከራዩ የለም። ልጁ ለብቻው ማውራት ሲጀምር ወላጅ ገመድ ያመጣል። ወላጆች፣ ጠበሉ ይሁን፣ እኔም እጠመቃለሁ። ገመዱ ግን ከየት መጣ? ሐኪም ቤቱስ ለምን መጨረሻ ይሆናል?

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በማግስቱ እናቷን ጠየቅኳት። አራት ዓመት ሆኗታል አለችኝ። ጠበል ሄዳለች፣ ክታብ ታስሮላታል። ጤና ጣቢያ ግን አንድ ቀን አልሄደችም። ለዚህ በሽታ ፊኖባርቢታል የሚባል ክኒን አለ፤ በሕክምና ላይ ከዋለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ርካሽ ነው። ጋንጃ በሚገዛበት ብር ብዙ ቀን ይዋጣል። መንገድ ተዘግቶ ነበር እንዳትሉኝ። መንገድ ሳይዘጋም አልወሰዳችኋትም። ሰው ያያታል፣ ባል ታጣለች ብላችሁ ደበቃችኋት። ስትወድቅ በጎኗ ማስተኛት፣ እሳቱንና ድንጋዩን ማራቅ፣ አፏ ውስጥ ምንም አለመክተት። ይኼ ይከብዳል? ክብሪት ምንም አያደርግላትም፣ ቢያቃጥላት እንጂ።

ልጅቷን ጤና ጣቢያ ስንወስዳት የእህቴን ልጅ ጎትቼ አብሮን እንዲሄድ አደረግኩት። ወረፋ የያዘው እሱ ነው። ነርሷ ክኒኑን ስትሰጥ «ተሻላት ብላችሁ በድንገት እንዳታቋርጡ» ብላ ሁለት ጊዜ ነገረችን። ልጁ ስልኩ ላይ ጻፈው፣ ያው ስልክ ላይ። መንገድ ላይ ብዙም አላወራንም። ባሕር ዛፉ ሥር ስለነበረውም አላነሳሁበትም።

ክኒኑ በሚቀጥለው ሐሙስ ያልቃል። ደንበጫ ካጣችሁ ከባሕር ዳር አንተ ግዛና ላክ ብዬዋለሁ። ይኼን ስጽፍ ገና አልደወለም።