ለቀረ እንግዳ የተሠራ ቤት

ሳሎኑን ለእንግዳ ብሎ ቆልፎ ልጆቹን ኩሽና የሚያበላ ሰው ካለ፣ እንግሊዝ አገር ደርቢሻየር ሄዶ ቻትስዎርዝን ይይ። የዴቨንሻየር መስፍኖች ቤት ነው። የመጀመሪያው መስፍን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ንጉሥ ዊሊያምና ንግሥት ሜሪ ይመጡልኛል ብለው ስንት ክፍል አሳነፁ። ጣሪያው በሥዕል፣ ግድግዳው በእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ተሽሞነሞነ። ንጉሡም ቀሩ፣ ንግሥቲቱም ቀሩ።

ቤቱ ግን አልተማረም። በ1844 በፈረንጆቹ፣ ዛር ቀዳማዊ ኒኮላስ ይመጣሉ ተባለ። (የሩሲያው ዛር ነው፤ ቡና የሚፈላለት አይደለም።) ስድስተኛው መስፍን ሩሲያ ሄደው የዛሩን ፏፏቴ አይተዋል። የእኔ ካልበለጠ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። አትክልተኛቸው ጆሴፍ ፓክስተን ኮረብታው አናት ላይ ሐይቅ አስቆፈረ። ሌሊቱን በችቦ ጭምር እየተሠራ በ6 ወር አለቀ። ሞተር የለ፣ ፓምፕ የለ፤ ቁልቁል በሚወርደው ውሃ ግፊት ብቻ 90 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ተፈናጠረ።

ዛሩም ቀሩ።

ይህን ሁሉ የምተርክላቸው ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ለመጡት አክስቴ ነው። እትዬ ስለ ውሃው ከፍታ ደንታም አልሰጣቸው።

«እና ቀርቻለሁ ብሎ እንኳ አልላከም?»

«እኔ እንጃ እትዬ።»

«ወጡ ተሠርቶ፣ ጠላው ተጠምቆ! እኔ ብሆን ዓይኑንም አላይ።»

ፏፏቴው ግን እስከ ዛሬ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ነው የሚጠራው። ባልበሉበት ድግስ ስም ማትረፍ ይሏል ይሄ ነው።

የተጠሩት ሲቀሩ፣ ያልተጠራነው እየከፈልን እንገባለን። በ1950 አሥረኛው መስፍን ሲሞቱ መንግሥት በንብረታቸው ላይ 80 በመቶ የውርስ ግብር ጣለ። ሥዕል ተሸጠ፣ መሬት ተሸጠ፣ ሃርድዊክ የሚባለው ሌላው ቤታቸውም ለመንግሥት ሄደ። እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ለቅሶ ሊደርስ ሳይሆን ሊቆጥር መጣ በለኛ።»

ውስጥ አንድ በር ላይ ቫዮሊን ተሰቅሏል። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ፤ ራቅ አሉ። ሥዕል ነው። ጥላው ሳይቀር የተሳለ ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ዛፍ መስሎ የቆመ ብረት አለ፤ ከቅርንጫፎቹ ድንገት ውሃ ይረጫል። የመጀመሪያው ከ300 ዓመት በፊት የተሠራው እንግዳ ለማበስበስ ነው።

«ለዚህ ነዋ የሚቀሩባቸው!» አሉ እትዬ።

ከመስኮቱ የሚታየው ሜዳ ዓይን ያሳርፋል። ድሮ ኤደንሶር የሚባል መንደር ነበረበት። እይታ ያበላሻል ተብሎ ፈረሰና ከኮረብታው ጀርባ እንደ አዲስ ተሠራ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ምንም አልገረማቸውም። የካዛንቺስ ሰው ናቸው።

ሻይ ቤቱ ጋ አረፍ ስንል ከቦርሳቸው ሙዝ አወጡ። ፓክስተን በ1830ዎቹ እዚሁ በመስታወት ቤት ውስጥ ሙዝ ማብቀሉን፣ ዝርያውም በመስፍኖቹ የቤተሰብ ስም ካቨንዲሽ መባሉን ነገርኳቸው። ዛሬ ከአገር ወደ አገር ተጭኖ የሚሸጠው ሙዝ በአብዛኛው የዚያ ወገን ነው።

«የአርባ ምንጩም?»

«የአርባ ምንጩም አለበት።»

ልጣጩን ይዘው ትንሽ አሰቡ።

«ታዲያ ስማቸውን በየጉሊቱ ስናስጠራላቸው ኖረን፣ በር ላይ ያስከፍሉናል?»